የገብስ ውኃ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

በኅዳር ወር ጠዋት አሰላ ላይ ወጥ ልትጥድ የተነሣች ሴት የዘይት ጀሪካኗን ስትደፋ፣ ትናንት ቀትር ላይ ሲንዠቀዠቅ የነበረው ዘይት እየተጎተተ ይወርዳል። የፓልም ዘይት ከሆነማ ጭራሽ አልወርድም ይላል። አገሩ ሁሉ «የሚረጋው ዘይት» ብሎ ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። ጀሪካኑን ምድጃ ዳር አስቀምጣ ትጠብቃለች። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ብርዱ ጋቢ ከሚያስደርበው ሰው አልፎ ጓዳ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ሁሉ ያዘገየዋል።

የሁለቱ ዘይቶች ነገር ግን አንድ አይደለም። ፓልሙ ሲረጋ በውስጡ ያለው ስብ እንደ ቅቤ እየጠጠረ ነው፤ ከፈሳሽነት እየወጣ ነው። የኑጉ ወይም የሱፉ ዘይት አሁንም ፈሳሽ ነው፤ የቀነሰው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየውን ይህን እንቢታ በአማርኛ «ዝልግልግነት» ብንለው ያስኬዳል። የጓዳው አማርኛ ከዚህም የበለጠ ሀብታም ነው፦ ወጥ ይቀጥናል፣ ሽሮ ይወፍራል፣ አጥሚት ያዝ ያደርጋል፣ ማር ክር ይሠራል፣ ተልባ ይዝለገለጋል። ሳይንሱ እነዚህን ሁሉ በአንድ መለኪያ ሰብስቦ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

ነገሩን ለመረዳት ሌማት ላይ የተደራረበ እንጀራ ማሰብ ይበቃል። የላይኛውን ሲስቡት ከሥሩ ያለውን ትንሽ ይዞት ይመጣል፤ ያኛውም የራሱን ታች ይጎትታል። ፈሳሽም እንዲሁ በንብርብር ነው የሚሄደው። ከዕቃው ግድግዳ ጋር የተነካካው ንብርብር አይንቀሳቀስም፤ መካከል ያለው ይፈጥናል፤ በመካከላቸው ያለው መጎታተት ማለትም ውስጣዊው ሰበቃ ነው የፈሳሹ ዝልግልግነት፣ በጓዳው ቋንቋ ውፍረቱ። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ሐሳቡን ያቀረበው በዚሁ መንገድ ነበር፤ እንጀራ ባያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ወፍራም ማለት ከባድ ማለት አይደለም። የምግብ ዘይት ከውኃ ይቀላል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲፈስ ግን ከውኃ ከ50 እጥፍ በላይ ይዘገያል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የውኃ ውፍረት አንድ ሆኖ ይያዛል። መለኪያው «ሚሊፓስካል ሰከንድ» ይባላል፤ ስሙ ይረዝማል እንጂ ውኃ አንድ መሆኑን ያስታወሰ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይከተላል። ወተት ሁለት ገደማ ነው። የምግብ ዘይት እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 80 ይደርሳል። ግሊሰሪን 1,400 አካባቢ ነው። ማር ከሁለት ሺህ ጀምሮ አሥር ሺህንም ሊያልፍ ይችላል፤ የሚወስነው በውስጡ ያለው ውኃ መጠንና የዕለቱ ሙቀት ነው።

ይህን ካወቁ የማር ገበያውን ፈተና በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ። ማሩን በማንኪያ ከፍ አድርጎ ክሩ ሳይበጠስ መውረዱን የሚያይ ገዢ፣ የሚፈትነው ውፍረቱን እንጂ ንጹሕነቱን አይደለም። ስኳር በደንብ ተነጥሮ ከገባበት ክሩ እንዲያውም ሊያምር ይችላል። በተቃራኒው፣ ንጹሑ ማር ፀሐይ ላይ ውሎ ከሆነ ቀጥኖ «ውኃ ገብቶበታል» ሊባል ነው።

የመለካቱ ታሪክ ከደም ጋር የተሳሰረ ነው። ዣን ፖይዜይ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1797 የተወለደ ፈረንሳዊ ሐኪም ደም በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለማወቅ ፈለገ። ደም ከሰውነት ሲወጣ ስለሚረጋ አስቸገረው፤ ስለዚህ እንደ ፀጉር በቀጠኑ የብርጭቆ ቱቦዎች ውስጥ ውኃና ሌሎች ፈሳሾችን እያሳለፈ መለካት ጀመረ። በ1840ዎቹ ያወጣው ግኝት ዛሬም የሚያስደንቅ ነው፦ የቱቦው የውስጥ ወርድ በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጁ ይወርዳል። በቀጭን ስትሮ እርጎ ለመጠጣት የሞከረ ሰው ይህን ሕግ በጉንጩ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው አብዛኛው መለኪያ በመሠረቱ ሰዓት ነው። የ«ዩ» ቅርጽ ያለው የብርጭቆ ቱቦ አለ፤ ፈሳሹ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው መስመር ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። ቀለም ፋብሪካዎች ከሥሩ የተበሳ ኩባያ ይጠቀማሉ፤ ሞልተው ይለቁታል፣ እስኪያልቅ ይቆጥራሉ። ሌላው ብረት ኳስ በፈሳሽ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ለቆ መጠበቅ ነው። በሞተር የሚዞር ዘንግ ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ የሚለካ መሣሪያም አለ። ይህን የመጨረሻውን ለማየት ላብራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፤ ገንፎ የምታገነፋ እናት ማማሰያው እጇ ላይ ሲከብድ «በቃው» የምትለው በዚሁ ስልት ነው። ክንዷ መሣሪያው ነው።

አሁን ወደ ገብሱ። አርሲ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ አሰላን በቢራ ጠማቂዎች ዘንድ ያስጠራት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የብቅል ፋብሪካዋ ነው። ከሊሙና ብልቢሎ፣ ከዲገሉና ጢጆ ደጋዎች የሚወጣው የቢራ ገብስ ብቅል ሆኖ የሚወጣው እንዲህ ባለ ፋብሪካ ውስጥ አልፎ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ የፈሳሽ ውፍረት የዳቦ ጉዳይ ነው።

የገብስ ፍሬ ውስጥ ስታርቹ የታሸገው ቅጥር ባላቸው ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ቅጥሩ በአብዛኛው ቤታ ግሉካን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ከፍሬው ክብደት ከመቶ ከሦስት እስከ ስድስት እጅ ያህል ይሆናል። ቤታ ግሉካን ረጅም ክር ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ክሮቹ ይዘረጉና እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ውኃው በመካከላቸው ለማለፍ ይቸገራል። ተልባን የሚያዝለገልገውም ተመሳሳይ ነገር ነው። ብዙ ሰው ተልባ የሚወፍረው በዘይቱ ይመስለዋል፤ ዘይቱ ግን ከውኃ ጋር አይስማማም። ውኃ ጠጥቶ የሚዘረጋው ቅርፊቱ ላይ ያለው ሙጫ መሰል ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ከተለቀቁት የተልባ ዝርያዎች መካከል «ጭላሎ» እና «ቁሉምሳ-1» የሚባሉ መኖራቸው፣ ይህ ሙጫ ለአርሲ ደጋ ባዳ እንዳልሆነ ይናገራል።

ጠላ የምትጠምቅ ሴት ገብሱን ትነክራለች፣ ውኃውን ታጠነፍፋለች፣ በቅጠል ሸፍና ታስቀምጣለች። ገብሱ ሲጎነቁል በፍሬው ውስጥ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ቡቃያው ምግቡን እንዲያገኝ ቅጥሩን እየቆራረጡ ያፈርሳሉ። ረጃጅሙ ክር አጫጭር ይሆናል። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በቶን መሆኑና ሙቀቱና እርጥበቱ በመሣሪያ መቆጣጠሩ ነው። ለሁለት ቀን ገደማ ይነከራል፣ ለአራትና ለአምስት ቀን ይበቅላል፣ ከዚያ በሞቃት አየር ይደርቃል። በደንብ የበቀለ ፍሬ በጣት ሲታሽ እንደ ጠመኔ ይደቃል። ያልበቀለው ጠንካራ ሆኖ ይቀራል።

ጣት ግን ለአንድ ፍሬ ነው። ለሙሉ ጭነት የሚያገለግለው ፈተና ይህ ነው፦ 50 ግራም ብቅል ይፈጭና በ45 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሙቀቱ በየደቂቃው አንድ አንድ ዲግሪ እየጨመረ እስከ 70 ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ይጣራና ወደ 20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቢራ ጠማቂዎች ዎርት የሚሉት ይህ ጣፋጭ የብቅል ውኃ ነው በቱቦው ወይም በኳሱ የሚለካው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጥብ አምስት አካባቢ ነው። ከአንድ ነጥብ ስድስት ሲያልፍ ጠማቂው ፊቱን ያጠቁራል።

ለአንድ አሥረኛ ነጥብ ይህን ያህል? አዎ። ዎርቱ የሚጠለለው በራሱ በገብሱ ገለባ ንጣፍ ውስጥ አልፎ ነው፤ በገለባው መካከል ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ ጥቃቅን ናቸው። የፖይዜይ ሕግ እዚህ ይመጣል። ፈሳሹ ትንሽ ሲወፍር መጥለሉ ይረዝማል፣ ጋኑ አይለቀቅም፣ ቀጣዩ ጥንስስ ይጠብቃል። ቢራው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያልተቆራረጠው ክር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ አንዳንዴም ቢራውን ያደፈርሰዋል። ጠላ ጠማቂዋ አተላው ቶሎ አልጠለል ሲላት የሚያናድዳት ነገር፣ በፋብሪካ ደረጃ ገንዘብ ነው።

የገብሱ ባለቤት ግን ይህን ቁጥር አያየውም። ሲሸጥ የሚታየው እርጥበቱ፣ የፕሮቲኑ መጠን፣ የመብቀል ችሎታውና የፍሬው ሙሉነት ነው፤ ውፍረቱ የሚታወቀው ብቅል ከሆነ በኋላ ነው። የቤታ ግሉካን መጠን በዝርያውና ፍሬው በሚሞላበት ወቅት በነበረው የአየር ጠባይ ይወሰናል፤ ሙቀትና ድርቅ ያበዛዋል። እንግዲህ ብቅሉን የለካ ሁሉ ውጤቱን ገብሱን ለሸጠው ማኅበር በወረቀት ቢመልስለት፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የትኛውን ዘር የትኛው ማሳ ላይ እንደሚዘራ የሚያመዛዝንበት አንድ ነገር ይጨምር ነበር። ወረቀቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የሚገርመው፣ ጠማቂው የሚሸሸው ክር ለተመጋቢው በረከት ነው። በሶ፣ ገንፎ፣ አርሲዎች በቅቤ የሚያሹት ጩኮ፣ ሁሉም ያልበቀለ ገብስ ናቸው፤ ቤታ ግሉካናቸው ሳይቆራረጥ ይቀራል። ክሩ አንጀት ውስጥ ያለውን ነገር ያወፍረዋል፤ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ይሆናል፣ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 ገብስ የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ እንደሚችል በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ሲፈቅድ፣ መነሻው በቀን ሦስት ግራም ቤታ ግሉካን ነበር። ለቢራ ወፈረ የተባለ ገብስ ለበሶ ይመረቅበታል።

ስንዴውም የራሱ ሰዓት አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ኮምባይነሩ ማሳ ሊገባ ሲል ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ የአርሲ ገበሬ ቅዠት ነው፤ የደረሰው ስንዴ እዛላው ላይ እያለ ይበቅላል። በዓይን የማይታይ የመብቀል ጅምር እንኳ ዱቄቱን ያበላሸዋል፤ ዳቦው መሐሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። ይህን የሚያጋልጠውን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ያወጡት ስቬን ሃግበርግና ሃራልድ ፔርተን የተባሉ ስዊድናውያን ናቸው። ሰባት ግራም ዱቄት ከ25 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር በቱቦ ይደረግና የፈላ ውኃ ውስጥ ይቆማል። መጀመሪያ ይማሰላል፤ በስልሳኛው ሰከንድ ማማሰያው ይለቀቅና በራሱ ክብደት ይሰምጣል። ጤነኛው ስንዴ ቱቦው ውስጥ ገንፎ ሆኖ ማማሰያውን ይዞ ያቆየዋል፤ የበቀለው ይቀጥንና ወዲያው ይለቀዋል። ከ250 ሰከንድ በላይ ከቆየ ለዳቦ ይመረጣል።

ስዊድንን አርሲ ላይ ማንሣት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» እያለ የሚያስታውሰው፣ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን በአካባቢው ያስፋፋ ነው፤ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም ሥሩ ከዚያ ዘመን ነው። የሃግበርግን ፈተና አርሲ ላይ የሚያደርግ ሰው ግን አንድ ነገር መርሳት የለበትም። በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ስለዚህ የቱቦው መታጠቢያ እንደ ባሕር ዳርቻው አገር አይሞቅም፤ የሚገኘው ሰከንድም በቀጥታ ሊነጻጸር አይችልም፣ በከፍታው ልክ መታረም አለበት። ባቄላ ለመቀቀል የምትፈጀውን እንጨት የምታውቅ የበቆጂ እናት ለዚህ ማስረጃ አትጠይቅም።

ስለ ሙቀት ከተነሣ ኮምባይነሩንም ማለፍ አይቻልም። የሞተር ዘይት ጋሎን ላይ «15ደብልዩ-40» ተብሎ የሚጻፈው ሁለት ውፍረት ነው፤ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ያለውን ደረጃ ያሳያል። «ደብልዩ» በእንግሊዝኛ ክረምት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ይህ ዘይት ከ40 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ሰባት እጥፍ ገደማ ይቀጥናል። በዚህ መሐል ሳለ ብረቱን ከብረት መለየት አለበት። ጠዋት ብርድ ላይ የተነሣ ሞተር ወዲያው ጋዝ ሲሰጠው፣ ዘይቱ ገና ላይኛው ክፍል ሳይደርስ ብረቱ ይፋጫል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

አርሲ ተብሎ ሯጭ ሳይነሣ አይቀርም፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የበቆጂ ናቸው። እዚህም ውፍረት አለ። ደም ከውኃ ሦስት አራት እጥፍ ይወፍራል፤ የሚያወፍረው በዋናነት ቀይ የደም ሴል ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ ሴል ያበዛል፤ ሲበዛ ኦክስጅን የሚሸከመው ይጨምራል፣ ግን ደሙ ይወፍርና ልብን ያደክማል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ደም እንዲህ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲለኩ ያገኙት ሌላ ነው፤ በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በወንዶቹ በአማካይ 15.9 ነበር፣ ከቆላ ሰው የማይለይ።

ይህን ይዞ «የአርሲ ሯጭ ምሥጢር ቀጭን ደሙ ነው» ብሎ መጻፍ ያጓጓል፤ አንዳንዱም ጽፎታል። ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ባሌ ውስጥ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን ከአማራ ደገኞች ጋር ሲያነጻጽር የኦሮሞዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ አገኘው። ኦሮሞዎቹ ከፍታው ላይ የሰፈሩት ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ ወዲህ ሲሆን የሌሎቹ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው። አሰላና በቆጂ ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። የሰሜን ተራራን ቁጥር ለበቆጂ ማዋስ አይቻልም።

የውፍረት ጥግ የት ነው ለሚል አንባቢ አንድ ምሳሌ ይበቃዋል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1927 ቶማስ ፓርኔል የሚባል መምህር ሲመቱት የሚሰባበር ጥቁር ሬንጅ መሰል ነገር ብርጭቆ ፈነል ውስጥ አስገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ የፈነሉን ጫፍ ቆርጦ ለቀቀው። እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ድረስ የወደቀው ዘጠኝ ጠብታ ነው። ከውኃ 230 ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ይወፍራል ተብሎ ተሰልቷል።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ግን የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ብይ፣ ረዘም ያለ ግልጽ ጠርሙስና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ያስፈልጋል። ጠርሙሱን በዘይት ሞልቶ ብዩን መልቀቅ፣ ከላይ እስከ ታች የፈጀውን መቁጠር፤ ከዚያ ሌላ ጠርሙስ በማር ሞልቶ መድገም። ጆርጅ ስቶክስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 የጻፈው ሕግ እንዲህ በዝግታ የሚሰምጥን ኳስ አወራረድ የሚገልጽ ነው። አሰላ ያለ ሰው ማለዳ አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ያድርገው፤ አዳማ ያለ ዘመዱንም በዚያው ሰዓት እንዲያደርገው በስልክ ይንገረው። ከሰከንዱ ጎን የክፍሉን ሙቀት መጻፍ አይዘንጋ። ማሩን ደግሞ መልሶ ወደ ማሰሮው ለመገልበጥ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይበቃል።